የመኪናዬ አዲሱ ቴፕ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም፣ ናቪጌሽኑም ሌላ መንገድ ላይ ያሳየኛል ላልከው
ስፒከሮቹን ለጊዜው ተዋቸው። የስፖርት መኪናህ ከፋብሪካ አምፕሊፋየር (ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከሮቹ የሚልከው መሣሪያ) ይዞ የመጣ ከሆነ፣ ስክሪኑ በርቶ ድምፅ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ አምፕሊፋየሩን የሚያስነሳው ሽቦ ስላልተገናኘ ነው። ከቴፑ ጀርባ ነጭ መስመር ያለበትን ሰማያዊ ሽቦ ፈልግና ከአምፕሊፋየሩ ማስነሻ ሽቦ ጋር አገናኘው፤ ቴፑ ሲበራ እዚያ ላይ 12 ቮልት አካባቢ መለካት አለብህ፣ እሱ ኖሮ አሁንም ዝም ካለ ያኔ የአምፕሊፋየሩን ፊውዝ እይ።

ናቪጌሽኑ ሌላ መንገድ ላይ የሚያሳይህ ደግሞ የጂፒኤስ አንቴናው ከቴፑ ኋላ ብረት መሃል ስለተቀበረ ይመስለኛል። አውጥተህ ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ስር፣ ወደ ፊት መስታወቱ ጠጋ አድርገህ ለጥፈው።

ከልምዴ የምነግርህ፦ ሽቦ ከመቀጠልህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ቢጫ ሶኬት ያለው የሽቦ መስመር ካየህ የኤርባግ ነውና አትቁረጠው፣ በመለኪያም አትንካው፤ እባክህ ይህን ቀላል ነገር አድርገህ አትየው።