ከቤት ጠፍታችሁ ፖሊስ ቢይዛችሁ

ልጆቼ፣ ከትምህርት ቀርቶ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ መዋል፣ ከቤት ኮብልሎ ለገሃር አካባቢ ማደር ወይም አምሽቶ መግባት በሕጋችን ወንጀል አይደለም። የቤተሰብ ሕጉ የልጁን መኖሪያ አሳዳሪው እንደሚወስን፣ ልጁ ትቶ ቢሄድም ሊመልሰው እንደሚችል ነው የሚናገረው። «ጠፍቶ ነው» ተብሎ የተያዘ ልጅ መመለስ ያለበት ወደ ቤተሰቡ ነው፤ የፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ (እስር) ክፍል የሚያስገባው ነገር የለም። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ ግን ይህንኑ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዝም ካላችሁ ወደዚያው ቤት ትመለሳላችሁ።

ቢራና ሲጋራም እንዲሁ ነው፦ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ ተጠያቂው ሻጩ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው በሌላ በኩል ነው። «ይቺን ጥቅል ሳቢያን ሰፈር አድርስልኝ» ብሎ ብር የሚሰጣችሁ ሰው ጥቅሉ ኮንትሮባንድ መሆኑን አይነግራችሁም። ስትያዙ እሱ የለም።

ያኔ ዕድሜ ሁሉን ይወስናል። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 በላይ ሆኖ 15 ያላለፈው የአዋቂ ቅጣት አይፈረድበትም፣ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። ፍርድ ቤቱ ከተግሣጽ ጀምሮ ጠባይ ማረሚያ ተቋም እስከማስገባት ሊወስን ይችላል፤ የማረሚያው ቆይታ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው፣ 18 ዓመት ከሞላ በኋላ ግን አይቀጥልም። ከ15 በላይ የሆነው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞት ግን አይፈረድበትም።

ትልቅ ለመምሰል «18 ነኝ» ማለት የሚጎዳችሁም ለዚህ ነው። በመጀመሪያ ቃላችሁ ላይ ከሰፈረ በኋላ ማስተካከሉ ለወላጆቻችሁ ፈተና ይሆናል። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ወይም የክርስትና ካርድ ይፈለጋል። ምንም ከታጣ የሕክምና ግምት ይመጣል፤ ግምት ደግሞ ሊስት ይችላል፣ በተለይ 15 ዙሪያ።

15 ላላለፈው ልጅ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 172 ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። ፖሊስ ምርመራውን የሚያካሂደው ፍርድ ቤቱ በሚሰጠው መመሪያ ነው። ቀጠሮ ከተሰጠ ልጁ ለወላጅ ወይም ለዘመድ፣ ካልተገኘም ለታመነ ሰው ይሰጣል። ችሎቱ ዝግ ነው፤ ወላጅ ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆማል። ብዙ ጊዜ የሚጣሰው ያ «ወዲያውኑ» የሚለው ነው፤ «ነገ ይታያል» ተብሎ ጣቢያ ይታደራል። የመጣው ወላጅ አንቀጹን ጠቅሶ ዛሬውኑ ፍርድ ቤት ይቅረብ ብሎ ይጠይቅ። ከ15 በላይ ከሆናችሁ ግን የሚሠራው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ ነው።

አንድ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፤ ጣቢያ ስትገቡ ሞባይላችሁን ይቀበሏችኋል።