የቤዝቦል አሰልጣኝ ማሊያ ለምን በየሱቁ አይገኝም?

ውድ እህታችን፣ ባለቤትዎ የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ በመሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ቡድኑን ለዋንጫ ያበቃውን የዴቭ ማርቲኔዝን ማሊያ ለልደታቸው ሊገዙላቸው ፈልገው በየሱቁ እንዳጡት ጽፈዋል። የእግር ኳስ አሰልጣኝ ሱፍ ወይም ቱታ ለብሶ ሲቆም የቤዝቦሉ ለምን እንደ ተጫዋች ማሊያ እንደሚለብስም ጠይቀዋል። እዚሁ ሜሪላንድ በአንድ የስፖርት ልብስ መደብር ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ማሊያ ላይ ስምና ቁጥር መለጠፍም የእኔ ሥራ ስለነበር ጥያቄዎ በደንብ ይገባኛል።

በቤዝቦል ዋናው አሰልጣኝ ማናጀር ይባላል። በድሮው ዘመን ቡድኑን ሜዳ ላይ የሚመራው ብዙ ጊዜ ራሱም የሚጫወት ሰው ስለነበር እንደ ጓደኞቹ መልበሱ ግድ ነበር፤ መጫወቱ ቀርቶም ልማዱ ጸና። በ1975 በክሊቭላንድ የመጀመሪያው ጥቁር ማናጀር የሆነው ፍራንክ ሮቢንሰን ራሱ እየተጫወተ ነበር ቡድኑን የመራው፤ ናሽናልስ በ2005 ወደ ዋሽንግተን ሲመጣም የመጀመሪያው ማናጀር እሱ ነበር። ማሊያ ያልለበሱም አልጠፉም። ኮኒ ማክ የፊላደልፊያን አትሌቲክስ ከ1901 እስከ 1950 ሱፍና ከረባት አድርጎ መርቷል፤ የብሩክሊን ዶጀርሱ በርት ሾተንም በተራ ልብሱ ይቀመጥ ስለነበር ፒቸር (ኳስ ወርዋሪውን ተጫዋች) መቀየር ሲያስፈልግ ወደ ሜዳ የሚልከው ረዳቱን ነበር። የዛሬው ማናጀር ግን ሜዳ ገብቶ ፒቸር የሚቀይረው፣ ከዳኛም የሚከራከረው ራሱ ነው። ሊጉም ጉዳዩን ቀላል አድርጎ አይመለከተውም፤ በ2007 የቦስተኑ ቴሪ ፍራንኮና ሹራብ ደርቦ ሳለ፣ ከሥሩ ማሊያ መልበሱን ለማረጋገጥ ጨዋታው እየተካሄደ ተቆጣጣሪ መጥቶበታል።

ለሽያጩ ችግር አንዱ ምክንያት ይኸው መደረብ ይመስለኛል፤ ሕዝቡ የማናጀሩን ጀርባ እምብዛም አያይም፣ ቁጥሩንም አያውቅም። መደብር ደግሞ የሚደረድረው የሚሸጠውን፣ ማለትም የተጫዋቾችን ማሊያ ነው። እኔ በሠራሁበት ዘመን የማናጀር ማሊያ የምንሸጠው ደንበኛው አስቀድሞ ሲያዝ ብቻ ነበር፤ ባዶ ማሊያ አውጥተን ፊደሉን በመተኮሻ ማሽን እንለጥፍ ነበር። እንዲህ ያለ ማሊያ አይመለስም። አንድ ደንበኛ ያዘዘው ማሊያ ላይ ስሙ የተለጠፈው ማናጀር ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተና ስሙን እንዳነሣለት ለመነኝ። ፊደሉን በእንፋሎት አሙቄ አንድ በአንድ ብልጠውም የሙጫው ጥላ ጨርቁ ላይ ቀርቶ ስሙ ከሩቅ ይነበብ ነበር። ሰውየው ማሊያውን አጣጥፎ ሲወጣ በጣም አዘንኩ። ቁጥርም ይለወጣል፤ ጆ ጂራርዲ የኒውዮርኩ ያንኪስ ማናጀር ሲሆን ቡድኑ 27ኛውን ዋንጫ እንዲያነሣ በመመኘት 27 ቁጥርን ለበሰ፤ በ2009 ሲሳካለት ወደ 28 ዞረ። ያንኪስ ማሊያው ጀርባ ላይ ስም እንደማይጽፍም ልብ ይበሉ፤ ስም ያለበት የያንኪስ ማሊያ ሜዳ ላይ የሚለበሰው ዓይነት አይደለም።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመለስ፣ የማርቲኔዝ ቁጥር 4 ነበር። በ2025 ሐምሌ ወር ላይ ስለተሰናበተ የእሱን ማሊያ በመደርደሪያ ላይ ባይጠብቁ ይሻላል። ለባለቤትዎ ትዝታው የዋንጫው ከሆነ፣ ቡድኑ ሂዩስተንን በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ሲያሸንፍ የለበሰውን ጥቁር ሰማያዊውን ይምረጡ። በዚያ ዓመት ማሊያውን የሚሠራው ማጀስቲክ የተባለው ኩባንያ ሲሆን ናይኪ የገባው በ2020 ነው። ስለዚህ ደረቱ ላይ የናይኪ ምልክት ያለበትን ማሊያ «የ2019 ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ያ ማሊያ በዚያ ዓመት የተለበሰው አይደለም፤ የማጀስቲክ ምልክት እጅጌው ላይ ነው ያለው። ያገለገለ ከሆነም አይናቁት፤ በክር የተሰፋ ቁጥር ከተለጠፈው ይልቅ ዕድሜ አለው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ የደረቱን፣ የእጅጌውንና የቁጥሩን ጠርዝ በቅርብ አንሥቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ ፎቶውን እዚህ ቢለጥፉት አይቼ የሚመስለኝን እነግርዎታለሁ።