ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለሳል

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ የምኖር፣ የ8 ዓመት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከቤት ወጥታ ምሳዋን የምትበላው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሌሊት ተነሥቼ ፓስታ ወይም ሩዝ በስጎ እሠራለሁ፤ እንዳይቀዘቅዝባትም ትኩሱን በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ከድኜ እልካለሁ። ማታ ቦርሳዋን ስከፍት ግን ምግቡን ሳይነካ፣ ብዙ ጊዜም ሽታው ተለውጦ አገኘዋለሁ። ባለፈው ሳምንት «እማዬ፣ ስከፍተው ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ያዙ» ብላ ስታለቅስ እኔም አብሬያት አለቀስሁ። ሟች አያቴ በባልትናዋ የታወቀች ነበረች፤ መንገደኛ በሸኘች ቁጥር በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ስትሰንቅለት አይ ነበር። ያ ስንቅ ለዛሬ ተማሪ ይሆን ይሆን?

እናት፣ ከአዲስ አበባ

ልጄ፣

ጥፋቱ ከሙያሽ አይደለም፤ ትኩሱን ከመክደንሽ ነው። ከትኩስ ምግብ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ክዳኑ ላይ ውኃ ሆኖ ተመልሶ ምግቡ ላይ ይንጠባጠባል፤ ምግቡም ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ ለብ እንዳለ ለሰዓታት ይቆያል። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ስለሆነ፣ የበሰለ ምግብ በዚህ ሁኔታ ከ2 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። የልጅሽ ምሳ ግን ከ5 ሰዓት በላይ ይቆያል። በተለይ ሩዝ መቀቀል የማይገድለው የባክቴሪያ ዘር ስለሚኖርበት እጅግ ያሰጋኛል።

አያትሽ ይህን በቴርሞሜትር ባይለኩትም በልምድ ያውቁት ነበር። የሰነቁት ሁሉ ውኃ የሌለው ነው፤ ውኃ ከሌለ ደግሞ የሚያበላሸው ነገር አይራባም። ስለዚህ ጊዜው አላለፈበትም እልሻለሁ።

ከሁሉም አስቀድሜ የምመክርሽ ጭኮን ነው። ጭኮ የሚታሽበት በሶ ከተቆላ ገብስ የሚፈጭ በመሆኑ ማብሰል አያስፈልገውም። የተነጠረ ቅቤ አቅልጠሽ፣ ጥቂት ጨው ጨምረሽ፣ ዱቄቱ ላይ በትንሽ በትንሹ እያፈሰስሽ እሺው። በመዳፍሽ ስትጨብጭው የጣቶችሽ ቅርጽ ሳይፈርስ ከቀረ ደርሷል፤ ከተበተነ ቅቤ ይጨመርበት፤ መዳፍሽ ላይ ቅባት ከቀረ ደግሞ ዱቄት። ውኃ ጠብ እንዳይልበት አደራ። ለጾም ቀን በቅቤው ፈንታ ዘይት ይሆናል። ቅዳሜ የተሠራ ጭኮ ሳምንቱን ሙሉ ስለሚያገለግል ሌሊት መነሣቱም ይቀርልሻል።

ቂጣ ፍርፍርም ደረቅ ብሎ ከተሠራና በሰፌድ ላይ በደንብ ከበረደ በኋላ ከተከደነ ለምሳ ይደርሳል። ዳቦ ቆሎ ለመክሰስ ይሁናት። ድርቆሽን ግን ተዪው፤ ብዙውን ጊዜ የሚበላው በወጥ ርሶ ነው፣ ወጡም ያንኑ ችግር ይመልስብሻል። ጭኮ ብቻውን ለልጅ ስለማይበቃት ካልተላጠ ብርቱካን ወይም ሙዝ ጋር ላኪላት፤ ውኃዋንም አትርሺ፣ ደረቅ ምግብ ያስጠማልና።

ፓስታውን ከወደደችው አፈ ሰፊ የምግብ ፔርሙዝ ግዢላት። የፈላ ውኃ ሞልተሽ ለ10 ደቂቃ ከድነሽ አቆዪው፤ ከዚያ ውኃውን ደፍተሽ ምግቡን እንደፈላ ጨምሪበት። ባዶውን ፔርሙዝ ሳያሞቁ መሙላት ከምግቡ ሙቀት ከፊሉን ለዕቃው መስጠት ነው። ፔርሙዝ እስክትገዢ ድረስ ግን ሩዝና ሥጋ ያለበት ስጎ አትላኪ።

ጓደኞቿ አፍንጫቸውን የያዙበት ሽታ ደግሞ ከምግቡ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ዛሬ ማታ የምሳ ዕቃውን ክዳን ገልብጪና ዙሪያውን የከበበውን ቀጭን ጎማ በማንኪያ ጫፍ ፈልቅቀሽ አውጪው። ከሥሩ የቆየ ስጎ ታገኚያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ጎማውን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቢው፤ እስኪደርቅም ድረስ ለብቻው አሳድሪው። ቅዳሜ ጭኮውን ስታሺ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጫትና ራሷ ታድቦልብለው፤ ለጓደኞቿም የሚበቃ ጥቂት ጨምሪላት።