ቤታችን ሊሸጥብን ነው፣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምንኖረው አሜሪካ ነው። ባለቤቴ የሥራ ሰዓቱ ከተቀነሰ ወዲህ የቤቱን ክፍያ መክፈል አቅቶን የሦስት ወር ውዝፍ አለብን። ከሞርጌጅ (የቤት ብድር) ድርጅቱ የሚመጡትን ደብዳቤዎች ለመክፈት ፈርቼ መሳቢያ ውስጥ እጥላቸዋለሁ። ሰሞኑን አንድ ሰው ደውሎ፣ ገንዘብ ቀድመን ከከፈልነውና የቤቱን ስም ለጊዜው ወደ እሱ ካዞርንለት ፎርክሎዠሩን፣ ማለትም አበዳሪው ቤቱን ስለ ዕዳ የሚሸጥበትን ሂደት፣ እንደሚያስቆምልን ነገረን። እንመነው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳታምኑት፣ እህቴ። ምንም ነገር አትፈርሙ። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች ከአበዳሪው የተጻፈ ስምምነት አምጥተው እናንተ እስክትቀበሉት ድረስ ገንዘብ እንዳይቀበሉ የፌዴራል ደንቡ ይከለክላቸዋል። ስም ማዞሩማ ከሁሉም ይብሳል፤ ቤቱ የእሱ ይሆንና ዕዳው እናንተው ላይ ይቀራል።

አሁን ደብዳቤዎቹን ክፈቻቸው። የምትኖሩበት ቤት ከሆነ፣ ውዝፉ ከ120 ቀን እስኪያልፍ ድረስ በአብዛኛው ፎርክሎዠሩን በሕግ መጀመር አይችሉም። ስለዚህ ገና ጊዜ አላችሁ፣ ግን ብዙ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት እንደ ስቴቱ ነው። ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለሚያልፍ ይጓተታል፤ ቨርጂኒያና ቴክሳስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ስለሚሸጡ ቶሎ ያልቃል።

ነገ ጠዋት ለሞርጌጅ ድርጅቱ ደውይና «የሎስ ሚቲጌሽን ማመልከቻ ላኩልኝ» በያቸው፤ ቤቱ እንዳይሸጥ የክፍያ እፎይታ የሚጠየቅበት ቅጽ ነው። የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የታክስ ሪተርንና የተቸገራችሁበትን ምክንያት የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይጠይቋችኋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፤ ስቴትመንቱ «ከ4 ገጽ 4ኛ» የሚል ባዶ ገጽ ካለው እሱንም ላኪው፣ አለበለዚያ ማመልከቻው አልተሟላም ተብሎ ቀን ይባክናል። የላክሽውን ሁሉ ኮፒ ያዢ፣ ያነጋገርሽውን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ። የተሟላ ማመልከቻ ከጨረታው ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከደረሳቸው፣ አብዛኞቹ ድርጅቶች መልስ ሳይሰጡ ቤቱን መሸጥ አይችሉም።

ምን ሊሰጧችሁ ይችላሉ? የባለቤትሽ ሰዓት በቅርቡ የሚመለስ ከሆነ ፎርቤራንስ፣ ማለትም ክፍያውን ለጊዜው መቀነስ ወይም ማቆም፣ ይበቃችሁ ይሆናል፤ ግን ምሕረት አይደለም፣ ኋላ ይከፈላል። ገቢው በዚሁ የሚቀጥል ከሆነ እኔ ሎን ሞዲፊኬሽን፣ ማለትም የብድር ውሉን ማሻሻል፣ ላይ ብትበረቱ እመርጣለሁ፤ ውዝፉ ከዋናው ዕዳ ጋር ተደምሮ ጊዜው ይራዘምና ወርሃዊው ሊቀንስ ይችላል። የጨረታው ቀን ከደረሰባችሁ ደግሞ ቻፕተር 13 ባንክረፕሲ፣ ማለትም በፍርድ ቤት በኩል የሚደረግ የዕዳ አከፋፈል ዕቅድ፣ ሽያጩን አግዶ ውዝፉን ከ3 እስከ 5 ዓመት ከፋፍሎ ለመክፈል ዕድል ይሰጣል፣ ያለ ጠበቃ ግን አትግቡበት።

ከባድ ቢሆንም ይህንንም ልበልሽ። ቤቱ ከዕዳው በላይ የሚያወጣ ከሆነና ክፍያውን በምንም መንገድ የማትችሉት ከሆነ፣ ጨረታ ሳይደርስ ራሳችሁ ሽጡት። በዚህ መንገድ ትርፉ እጃችሁ ይገባል፤ በጨረታ ግን ቤቱ ብዙ ጊዜ በርካሽ ነው የሚሄደው።

ብቻችሁን አትጋፈጡት። ሀድ (HUD፣ የአሜሪካ መንግሥት የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት) ያጸደቃቸው የቤት አማካሪዎች ፎርክሎዠር ለገጠመው ሰው በነጻ ይሠራሉ፣ ስልኩ 800-569-4287 ነው። ስትደውዪ አስተርጓሚ እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው፤ ደብዳቤዎቹንም አጠገብሽ አድርጊ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።