የማያ ሸክላ፦ ከጭቃው እስከ መቃብሩ

ጥያቄ፦ በዛሬዋ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላና ቤሊዝ የኖሩት የጥንት ማያዎች የሸክላ ሠሪ መንኮራኩር አልነበራቸውም ይባላል። እነዚያን ቀጥ ያሉ ስስ ጽዋዎች ታዲያ በምን ሠሯቸው? (ከጎንደር)

መልስ፦ በእጅ ነው። ጭቃው እንደ ገመድ ይድቦለቦልና በክብ ይደራረባል፤ መጋጠሚያው በጣት ተጭኖ ይደፈናል፤ ከዚያ ግድግዳው እየተፋቀ ይሳሳል። የአገራችን ሸክላ ሠሪዎችም ያለ መንኮራኩር ስለሚሠሩ ይህ እንግዳ አይሆንባቸውም።

የማያዎቹ ፈተና ጭቃው ውስጥ የሚገባው ነገር ነበር። ንጹሕ ጭቃ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የተፈጨ ድንጋይ፣ አሸዋ ወይም ገል ይቀላቀልበታል። የማያዎቹ አገር የሆነው የዩካታንና የፔቴን ምድር የኖራ ድንጋይ ስለሆነ እጅ ላይ የሚገኘው የዚሁ ድንጋይ ማዕድን፣ ካልሳይት፣ ነው። ካልሳይት ደግሞ እሳት ሲበዛበት መዘዝ አለው። ሙቀቱ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አልፎ ሲቆይ ወደ ኖራ ይለወጣል። ዕቃው ከእሳት ሲወጣ ደኅና ይመስላል፤ ቆይቶ ግን ኖራው ከአየሩ እርጥበት ስቦ ያብጥና ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋዋል። ገጹ እየተላጠ ይረግፋል፤ ሲብስም ዕቃው በሙሉ ይፈርሳል። መከላከያው እሳቱን ዝቅ ማድረግ ነው፤ በዝቅተኛ እሳት የተተኮሰ ሸክላ ግን ውሃ ያልበዋል። በብዙ ምርጥ ባለ ሥዕል ጽዋዎች ውስጥ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

ቀለሙም ቢሆን አፈር ነው። ብረት ያለበት ደቃቅ ሸክላ በውሃ ተበጥብጦ ሲቀባ ቀይና ብርቱካንማ ይሰጣል፤ ጥቁሩን ማንጋኒዝ ይሰጣል። ሰማያዊው ብቻ ለየት ይላል። ከኢንዲጎ ተክል ስለሚሠራ መተኮሻውን እሳት አይችልም፤ ስለዚህ ዕቃው ተተኩሶ ከበረደ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በስስ የኖራ ልስን ላይ ይቀባል።

ጥያቄ፦ አንድ ጽዋ ከየት ተሠርቶ የት እንደደረሰ እንዴት ይታወቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጽሑፉ ነው፤ በብዙ የቤተ መንግሥት ጽዋዎች አፍ ዙሪያ የዕቃው ዓይነት፣ የሚጠጣበት ነገርና የባለቤቱ ስም ይጻፋል። ሁለተኛው ጭቃው ነው፤ ጥቂት ዱቄት ተፍቆ በኒውትሮን ይመታና በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ይለካሉ። የእያንዳንዱ አካባቢ ጭቃ የራሱ ቅንብር ስላለው ውጤቱ ምንጩን ይጠቁማል።

ጥሩ ምሳሌ በቤሊዝ ቡዌናቪስታ ዴል ካዮ ከአንድ ወጣት መቃብር የወጣው ጽዋ ነው። የተጻፈበት ስም ግን የወጣቱ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ693 የነገሠው የናራንሆ ንጉሥ የካህክ ቲሊው ቻን ቻህክ ነው። ናራንሆ በዛሬዋ ጓቲማላ ውስጥ ናት። እንዲህ ያለ ጽዋ የሚሰጠው በድግስ ላይ፣ ወዳጅነትን ወይም ታማኝነትን ለማሰር ነበር። ይህን ማወቅ የተቻለው ጽዋው ከነመቃብሩ በባለሙያ ስለተቆፈረ ነው። ሌቦች አውጥተው የሸጡት ስንት ዕቃ የባለቤቱን ስም ይዞ የተገኘበትን ቦታ አጥቷል፤ ይህ ጉዳት በምንም አይካስም።

ተራው ዕቃ በገበያም ይሸጥ ነበር። በጥንታዊቷ የማያ ከተማ በካላክሙል የተገኙት የግድግዳ ሥዕሎች ጨው፣ የበቆሎ አጥሚትና ሸክላ የሚያቀርቡ ሰዎችን ያሳያሉ።

ጥያቄ፦ በሥርዓተ አምልኮስ? ሳህኖቹ መሃል ላይ የሚበሱት ለምንድን ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ሳህኑ ሆን ተብሎ መሃሉ ይበሳና አንዳንዴ በሟቹ ፊት ላይ ይደፋል። ከዚያ በኋላ ምግብ አይያዝበትም፤ አገልግሎቱ ከባለቤቱ ጋር አብቅቷል። በዋሻክቱን የተገኘው የጨፋሪ ሥዕል ያለበት ሳህን እንዲህ የተበሳ ነው። ከሟቹ ጋር ካካዎ፣ ማለትም ቸኮሌት ከሚሠራበት ፍሬ የሚዘጋጅ መጠጥ፣ የሚጠጣበት ዕቃም ይቀበራል፤ በሪዮ አሱል መቃብር የተገኘው ባለ ክዳን ማሰሮ ላይ የካካዎ ስም ተጽፎበታል፣ ቤተ ሙከራም የካካዎ ቅሪት አግኝቶበታል።

ለዕጣን ደግሞ ኮፓል የሚባል የዛፍ ሙጫ በሸክላ ይጨስ ነበር። ከማያዎቹ ከተማ ከቺቼን ኢትዛ የተቀደሰ የውሃ ጉድጓድ የወጣና ዛሬ በቺካጎ ሙዚየም ያለ ባለ ሦስት እግር ሳህን ኮፓሉ እንዳለ ቀርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በኮፓሉ ውስጥ ኢንዲጎና ፓሊጎርስካይት የተባለ ነጭ ሸክላ አግኝቷል፤ የታዋቂው ማያ ሰማያዊ ሁለት ቅመሞች እነዚሁ ናቸው፤ የሚዋሃዱትም ከሸክላ መተኮሻው እሳት በጣም ባነሰ ሙቀት ነው። አጥኚዎቹ ቀለሙ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በሥርዓቱ መሃል ይዘጋጅ ነበር ይላሉ። ወደ ውሃው የሚጣለው መሥዋዕት ሰማያዊ ይቀባ ስለነበር ከጉድጓዱ ሥር 4 ሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት ያለው ሰማያዊ ደለል ተገኝቷል።