ከአልጋ ሥር የገባው ሳፋ

«ዶክተር፣ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ሹፌር ነበርኩ፤ አሠሪዬ መኪናውን ከሸጠው ስድስት ወር ሆነው፣ ሥራ የለኝም። ሚስቴ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ልጁን የማውለው እኔ ነኝ። እሷ ስለ ፌሚኒዝም ማውራት ከጀመረች ወዲህ ሰላም የለንም። ስንጣላ ደግሞ ‘አንተም ወንድ ሆነህ!’ ትለኛለች። በቀደም የልጁን ልብስ ሳጥብ እናቴ ከደሴ መጣች። በሩ ሲንኳኳ ሳፋውን ከነአረፋው አልጋ ሥር ወሸቅሁት። ይህ እኩልነት የሚሉት ለወንድም ነው ወይስ እኛን ማዋረጃ?»

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ሁሉ የያዘኝ ሳፋው ነው። ሚስትህ በዚያ ሰዓት ፈረቃ ላይ ናት፤ እናትህም ገና አልገቡም። ታዲያ ማን አሳፈረህ? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል እየሰማህ አድገሃል። ተረቱ ሴቷን ዝም ያሰኛል፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል። ወንዱን ግን ሁሉን ጨራሽ ያደርገዋል፤ መጨረስ ያቃተው ቀን የሚገባበት ይጠፋዋል። አንተ አሁን እዚያ ላይ ነህ።

ሕጉም እንዲሁ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ፣ ሚስትን ታዛዥ ያደርግ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ብዙ ተሟግተው፣ በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ያንን ሽሮ ቤቱን ለሁለቱም እኩል ሰጠ። በ1995 የእኛም ክልል የራሱን አወጣ። ራስነቱ ላንተ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚህ ስድስት ወር ሸክም በማን ጫንቃ ላይ ይወድቅ ነበር? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን (1156/2011) ደግሞ እይ፤ ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን። እናት ሰውነቷ መጠገን አለበት፤ ግን አባት ልጁን በ3 ቀን ይለምደዋል? የአባት ፈቃድ ይርዘም የሚሉት እኮ ፌሚኒስቶችም ናቸው።

«አንተም ወንድ ሆነህ!» የሚለው ላይ ግን ካንተ ጋር ነኝ። እሱ ፌሚኒዝም አይደለም፤ ያው የድሮው ሚዛን በሚስትህ እጅ ገብቶ ነው። እኩል ነን ብላ ስታበቃ በወንድነት ልትመዝንህ አትችልም። ወንድን መስደብ እኩልነት የሚመስላቸውም አሉ፣ አልሸፋፍንልህም።

ፈረቃ የሌላት ቀን፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ (አቦሉ ላይ ሰው ገና አልተረጋጋም) የሳፋውን ነገር ንገራት። ፌሚኒዝምን እንዳታነሣ። ትስቅ ይሆናል፤ ትሳቅ። ከዚያ ያቺ ቃል ምን እንደምታደርግህ ንገራትና፣ ቀኑን ሙሉ ሲንጀር ላይ አጎንብሳ ስትመለስ ካንተ ምን እንደምትፈልግ ጠይቃት። እንቅልፍና ምግብ ከራቀህ ግን በአካል ባለሙያ ጋ ሂድ፤ ሥራ ማጣት ራሱን የቻለ ሕመም ያመጣል።

እናትህ ዳግም ሲመጡ ሳፋው ካለበት አይነሣ። «ምነው ልጄ?» ካሉህ «እማ፣ ሚስቴ ሥራ ላይ ናት» በልና እጅህን አድርቀህ ቡና አፍላላቸው።