መልስ፦ ኮሜርስ መግዛትና መሸጥ ብቻ ነው?

«ኮሜርስ መግዛትና መሸጥ ከሆነ ለምን ዓመታት ይማሩታል? መንግሥትስ የት ይገባበታል?» ብለው ጠይቀዋል።

መግዛትና መሸጡ የትምህርቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ኮሜርስ ዕቃው ከአምራቹ ተነሥቶ ተጠቃሚው እጅ እስኪገባ ያለውን ሁሉ ያጠናል፤ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ትራንስፖርት፣ መጋዘን፣ ማስታወቂያ። ሒሳብ አያያዝና የንግድ ሕግም አብረው ይሰጣሉ።

መንግሥት በምዝገባ፣ በፈቃድ፣ በሚዛንና መለኪያ፣ በውድድር ሕግና በሸማች ጥበቃ ይገባል። ምዝገባና ፈቃድ ግን አንድ አይደሉም፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ ያምታቷቸዋል። ምዝገባው ነጋዴው ማን እንደሆነ ያሳውቃል፣ ፈቃዱ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ ያስችለዋል።

ቁጥጥሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጉምሩክ ላይ ነው። መጀመሪያ ዕቃው ይመደባል፤ ማለትም የቀረጡ መጠን የሚታወቅበት የቁጥር ኮድ ይሰጠዋል። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ የምደባ ሥርዓት የኮዱ የመጀመሪያ 6 አሃዞች ሥርዓቱን በተቀበሉ አገሮች ሁሉ ተመሳሳይ ናቸው፤ ቀሪውን እያንዳንዱ አገር ይጨምራል። ስለዚህ የላኪውን ሙሉ ኮድ እንዳለ መገልበጥ ወደ ተሳሳተ የቀረጥ መጠን ሊወስድ ይችላል።

ቀጥሎ ዋጋው። ብዙ አገሮች ቀረጡን የሚያሰሉት በሲአይኤፍ፣ ማለትም በዕቃው ዋጋ፣ በኢንሹራንሱና በማጓጓዣው ድምር ላይ ነው። ዕቃው 10,000፣ ማጓጓዣው 1,200፣ ኢንሹራንሱ 100፣ ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን፣ መነሻው 11,300፣ ቀረጡ 2,260 ይሆናል። በፋክቱሩ (በሻጩ የዋጋ ሰነድ) 10,000 ብቻ ያሰላ ሰው 260 ያጎድላል። በነገራችን ላይ፣ የሽያጭ ውሉ ኤፍኦቢ፣ ማለትም ሻጩ ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ያለውን ወጪ ብቻ የሚሸፍንበት፣ መሆኑ ይህን ስሌት አይቀይረውም።